መኪናና አቀበት

ቦታው ወሎ ውስጥ፣ መካነ ሰላም ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ያለ ሻይ ቤት። ከሚጫወቱት ሁለቱ አንዱ በአሰብ መስመር ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ሌላዋ በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ አውቶ መካኒክ የምታስተምር የአገሩ ልጅ ናት። ሁለቱም የጸሐፊው ፍጥረት ናቸውና ስም አላወጣሁላቸውም፤ የሚያነሷቸው ነገሮች ግን የእውነት ናቸው።

መምህሯ፦ ጋሼ፣ ሰኞ የመኪናን ታሪክ ላስተምር ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው ከጀርመን ነው፤ ካርል ቤንዝ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 1886፣ ባለ ሦስት እግር መኪና፣ የፈጠራ መብት ምዝገባ። እዚያ ስደርስ ግማሹ ክፍል ያንቀላፋል። እርስዎ ቢሆኑ ከየት ይጀምሩ ነበር?

ሾፌሩ፦ ከመቅደላ።

መምህሯ፦ መቅደላ ላይ ምን መኪና ነበረና?

ሾፌሩ፦ መኪናስ አልነበረም፤ የመኪና ጣጣ ግን ነበር። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። እሱን በሠረገላ አድርገው ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው፤ በ1860 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሰው ነው በጠፍር የጎተተው። አቀበቱ ላይ ከፊት የሚስብ፣ ቁልቁለቱ ላይ ከኋላ የሚይዝ። የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ያውም ከመጎተቱ በፊት ድንጋይ እየፈለጡ፣ ገደል እየናዱ መንገዱን ማበጀት ነበረባቸው።

መምህሯ፦ 70 ኩንታል እኮ ዛሬ አንድ አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር ጭኖ፣ ደሴ ቁርሱን በልቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚህ ይገባል።

ሾፌሩ፦ ይገባል፤ መንገድ ስላለ። በቅሎ መንገድ ሥሩልኝ አትልም፤ መርገጫ ካገኘች ትሄዳለች። የሚሽከረከር ነገር ግን የሚያልፍበትን ሁሉ ሰው ቀድሞ ካልደለደለለት አይንቀሳቀስም። ቴዎድሮስን ሊወጉ የመጡት እንግሊዞች ይህ ስለገባቸው ከባዱን መድፍ በዝሆን አሸከሙት፤ 44 ዝሆን ከሕንድ በመርከብ አምጥተው። እና ለልጆቹ እንዲህ በያቸው፦ ቤንዝ መኪናውን ከማስመዝገቡ 18 ዓመት በፊት ወሎ የመኪናን ፈተና ተፈትኖ ነበር። ሴባስቶፖልም ዛሬ ድረስ እዚያው አምባው ላይ ነው፤ አዲስ አበባ አደባባይ ላይ የቆመው አምሳያው ነው።

መምህሯ፦ እንግዲያውስ እኔም ከጀርመን አንድ የአቀበት ወሬ አለኝ። የቤንዝ መኪና ተሠርታ ቆመች እንጂ የሚገዛት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1888 ሚስቱ በርታ ባሏን ሳታስፈቅድ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ጭና ከማንሃይም ወደ እናቷ አገር ፎርትስሃይም ነዳችው። ከመቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ነው። ነዳጅ ማደያ የለም፤ ከመድኃኒት ቤት ነው ልብስ ማጽጃ ፈሳሽ የገዛችው። አቀበት ላይ መኪናዋ እምቢ ስትል ልጆቹ ወርደው ገፉ። ቁልቁለት ላይ የእንጨቱ ፍሬን ተበልቶ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ጋ ሄዳ ቆዳ አስመታችበት። ቤቷ ስትመለስ ለባሏ የነገረችው፣ ለአቀበት የሚሆን አንድ ማርሽ እንዲጨምር ነበር። ጨመረ።

ሾፌሩ፦ ወላሂ ይቺ ሴት ሾፌር ናት! ፍሬን ሸራ ማለት እኮ ይኸው ቆዳው ነው። ከዚያ ወዲህ ዕቃው ተለወጠ እንጂ ሐሳቡ አልተለወጠም። አየሽ፣ ሰውየው ሜዳ ላይ ሠራው፤ የጎደለውን ያሳየችው ግን ተራራ የወጣችበት ናት። ሰኞ ልጆቹ አያንቀላፉም።

መምህሯ፦ ከዚያ ወደ እኛ አገር ልለፍ ብዬ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪና ከባሕር ዳርቻ አምጥቶ ለአጼ ምኒልክ አቀረበ። የቤንትሌይ ፋብሪካ ባለቤት አይምሰላችሁ እላቸዋለሁ፤ ያኛው ቤንትሌይ ሌላ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሆልትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሁለተኛ መኪና አመጣ።

ሾፌሩ፦ ሾፌሩንስ አትነግሪያቸውም? መኪና መጣ ይባላል፤ ማን ነዳው፣ ማን ጠገነው አይባልም።

መምህሯ፦ ተሰማ እሸቴ ነዋ!

ሾፌሩ፦ ዘፋኙ ነጋድራስ?

መምህሯ፦ እሳቸው። በምኒልክ ትእዛዝ ወደ ጀርመን ተልከው መንዳትና መካኒክነት ተማሩ። እዚያው ጀርመን ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሸክላዎች የሳቸው ናቸው። ኋላ ለልጅ ኢያሱ ቅርብ ሰው ነበሩ፤ ልጅ ኢያሱ ደግሞ ያው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የወሎ ሰው። ስለዚህ የአገራችን የመጀመሪያው የሠለጠነ መካኒክና የመጀመሪያው የሸክላ ዘፋኝ አንድ ሰው ናቸው።

ሾፌሩ፦ ለዚህ ነዋ ሾፌር ሁሉ ዘፈን የሚወደው።

(እዚህ ላይ ጸሐፊው ጣልቃ ይገባል፦ የተሰማ እሸቴ ነገር በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ከቤንትሌይ በላይ ቦታ ቢሰጠው ደስ ይለኝ ነበር። ብረቱን ያመጣው እንግሊዛዊ ነው፤ ሙያውን ይዘው የመጡት ግን እሳቸው ናቸው።)

መምህሯ፦ ከዚያ ፎርድ፣ ሞዴል ቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 የተጀመረው ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር፣ 15 ሚሊዮን መኪና። ይኼን ልጆቹ ከመጽሐፉ ያንብቡት። ወደ እርስዎ ዘመን ልምጣ፤ ወሎ መኪና ያየው መቼ ነው?

ሾፌሩ፦ በብዛት ያየው በጣሊያን ጊዜ ነው። ከ1928 እስከ 33 ባለው ጊዜ ከአስመራ በደሴ አዲስ አበባ የሚገባውንና ከአሰብ ደሴ የሚወጣውን መንገድ ሠራ። ለእኛ አስቦ አይደለም፤ ጦሩንና ስንቁን ሊያጓጉዝ ነው። ፊያት 634 የሚባል የናፍጣ መኪና ነበረው፤ ሾፌሮቹ ትሬንታ ኳትሮ ይሉት ነበር። ግን መንገዱ የሄደው በምሥራቅ በኩል ነው። ከደሴ ወዲህ ያለው ደጋ፣ ለጋምቦው፣ ቦረናው፣ ሳይንቱ፣ ወግዲው፣ ከለላው በበቅሎው ቀረ። መኪና በኢትዮጵያ አንድ ጊዜ አልመጣም፤ በየወረዳው ሌላ ሌላ ዓመት ነው የመጣው። አዲስ አበባ አንበሳ አውቶቡስ ሲሳፈር እዚህ አጋሰስ ነበር የሚጫነው።

መምህሯ፦ መካነ ሰላም ግን የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ነበራት አይደል? በዓለም አቀፉ የአየር ማረፊያዎች መዝገብ ላይ እስካሁን ኤም ኬ ኤስ የሚል መለያ አላት።

ሾፌሩ፦ አውሮፕላንም ያው እንደ በቅሎ ነው፤ መሐል ያለው መንገድ አይገደውም። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ይኸው ነበር የታየው። እህሉ በመኪና ደሴ ይደርሳል፤ ከደሴ ወዲያ በአህያና በሰው ጀርባ። መኪና በማይደርስበት ደጋ ላይ ደግሞ የውጭ አገር ጦር አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ ጆንያውን ወረወሩት። መኪናውም እህሉም ነበር። መንገዱ ነው ያልነበረው። ይኼን በትምህርትሽ ውስጥ አስገቢው፤ ረዘም አድርገሽ ባትናገሪውም።

መምህሯ፦ አስገባዋለሁ፣ ጋሼ። እርስዎ ምን ነበር የሚነዱት?

ሾፌሩ፦ ኤንትሬ ነዋ! ፊያት 682 ኤንትሬ። ከአሰብ ደሴ ተሳቢ እየጎተትኩ። አሰብ መስመር በ1990 እስኪዘጋ ድረስ በዚያ ላይ ያልሠራ ሾፌር ሾፌር አይባልም ነበር። ከባሕር ጠለል ተነስተሽ፣ አፋርን በዚያ ቃጠሎ አቋርጠሽ፣ ባቲን ኮምቦልቻን አልፈሽ ደሴ ብርድ ውስጥ ትገቢያለሽ። አንድ ሞተር በአንድ ጉዞ ይህን ሁሉ ይቀምሳል። የጥንት የጣሊያን ከባድ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ እንደነበር ታውቂያለሽ?

መምህሯ፦ አውቃለሁ፤ በግራ ስለሚነዱ ይመስለኝ ነበር።

ሾፌሩ፦ ጣሊያን አገር እኮ በቀኝ ነው የሚነዳው። መሪውን በቀኝ ያደረጉት ሾፌሩ የገደሉን ጠርዝ እንዲያይ ነው። ተራራ ለሚያቋርጥ ሰው ከፊት ከሚመጣው መኪና ይልቅ ጎማው አጠገብ ያለው ገደል ያስፈራል። እኛ አገር ነው በግራ ይነዳ የነበረው፤ በሰኔ 1956 ነው ወደ ቀኝ የዞርነው።

መምህሯ፦ ኤንትሬ ሲባል ሰው ሁሉ ዓይኑ ያበራል። ምኑ ነው እንዲህ ያስወደደው? ዝግተኛ ነው፣ ጫጫታ አለው፣ መሪው ይከብዳል...

ሾፌሩ፦ ይከብዳል፤ ክንድ ይፈልጋል። ማርሹም እንደ ዛሬው ዝም ብሎ አይገባም፤ ፍሪሲዮን ሁለቴ ረግጠሽ፣ የሞተሩን ድምፅ አዳምጠሽ ነው የምታስገቢው። ግን በደሴ መንገድ ያለውን ጉጉፍቱን ለሚያክል አቀበት አንደኛ ማርሽ አስገብተሽ ከለቀቅሽው ይወጣዋል። ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ ይከተላል፤ ከቆመ ወዲያው ጎማው ሥር ይወትፋል። ሲበላሽ ደግሞ የተበላሸውን በዓይንሽ ታያለሽ። ባሌስትራው ቢሰበር ቀጥቃጭ ይሠራዋል፤ ጎማው ቢተነፍስ ጎሚስታ አያስፈልገኝም። በረሃ መሐል ፖምፓ አውርጄ፣ ፈትቼ፣ አጥቤ መልሼ ገጥሜ አውቃለሁ። ማወቅ የፈለገ ሰው አሳምሮ የሚረዳው መኪና ነበር፤ ሌላ ምን እንበለው?

መምህሯ፦ ጉጉፍቱን ካነሱት እኔ የምወደው ትምህርት እሱ ነው። ሞተር ነዳጅ ብቻ አይደለም የሚበላው፤ አየርም ይበላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል። ጉጉፍቱ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። አሰብ ላይ የ100 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ጉጉፍቱ ላይ 70 ቢቀረው ነው። ጭነቱ ግን አንድ ኪሎም አልቀነሰ።

ሾፌሩ፦ እኛ ይህን በቁጥር አናውቀውም፤ በእግራችን ነው የምናውቀው። ናፍጣውን እስከ መጨረሻው ረግጠሽ ይዘሽ ፍጥነቱ አይጨምርም፤ ጭሱ ብቻ ይጠቁራል።

መምህሯ፦ ጭሱ የጠቆረው ለዚያ ነው። ነዳጁ ይገባል፣ የሚያቃጥለው አየር ያንሳል፤ ያልተቃጠለው በማርሚታ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ካርቡራተር ያላቸው የቤንዚን መኪኖችም እንዲሁ ነበሩ። ቮልስና ዲኤክስ ለዝቅተኛ አገር እንደተስተካከሉ ደጋ ሲመጡ ቤንዚኑ ይበዛባቸዋል፤ ጥሩ መካኒክ ጂግለሩን ይለውጥላቸው ነበር። ቪትዝ መጣና ይህን ሥራ ከመካኒኩ ወሰደው። ኮምፒውተሩ የአየሩን መጠን በሴንሰር እየለካ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል። ደሴም ላይ፣ አፋር ሎጊያም ላይ ልክ ነው።

ሾፌሩ፦ ሴንሰሩ እስኪበላሽ።

መምህሯ፦ እስኪበላሽ። እሱን ኋላ እንመጣበታለን። ለናፍጣው መድኃኒት የሆነው ቱርቦ ነው። ቡሂ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1905 ነው ሐሳቡን ያስመዘገበው፤ የተራ ሰው መኪና ላይ እስኪደርስ ግን አሥርተ ዓመታት ፈጀ። የሚወጣው ጭስ አንድ ተሽከርካሪ ይነዳል፤ ያ ተሽከርካሪ አየሩን አምቆ ወደ ሞተሩ ይከተዋል። ደጋ ላይ የሳሳውን አየር መልሶ ያወፍረዋል። ዛሬ አይሱዙው ጉጉፍቱን በሦስተኛ ማርሽ ሲወጣ የሚሰማው የፉጨት ድምፅ እሱ ነው።

ሾፌሩ፦ ስለ መውጣት ብዙ አወራን። ሰው የሚገድለው ግን መውረድ ነው።

መምህሯ፦ ይንገሩኝ።

ሾፌሩ፦ ከዚህ ወደ ጉንደወይን ስትሄጂ ዓባይን ትወርጃለሽ። ዛሬ መንገድ አለ፣ ድልድይ አለ፤ ጎጃም ጎረቤት ሆኗል። ድሮ እዚህ ያለ ሰው ጎጃምን በዓይኑ እያየ በመኪና ለመድረስ አዲስ አበባን መዞር ነበረበት። ታዲያ አንዳንዱ ልጅ ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ ይለቀዋል። ፍሬኑን እየረገጠ ይወርዳል፤ ታምቡሩ ይግላል፣ ሸራው ይነዳል፣ ፍሬኑ መያዝ ይተዋል። ከዚያ ዜናው 'ፍሬን በጠሰ' ይላል። አልበጠሰም፤ ሾፌሩ ነው ያቃጠለው። ያሠለጠኑኝ ሰውዬ ቃል አንድ ነበር፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ሞተሩ ራሱ ይይዝሻል፤ ፍሬኑ ለመጨረሻው ይቆያል።

መምህሯ፦ ይኼ በፈተና ይወጣል።

ሾፌሩ፦ በፈተና ብቻ እንዳይቀር።

መምህሯ፦ ከኤንትሬ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ላንድሮቨር፣ ላንድክሩዘር፣ አይሱዙ፣ ቅጥቅጥ፣ አባዱላ፣ ሲኖትራክ፣ ባጃጅ...

ሾፌሩ፦ ቅጥቅጡን ቶሎ አትለፊው! ፋብሪካው የሠራው የጭነት መኪና ነው። የእኛ ሰዎች ሻንሲውን ወስደው፣ ላሜራ ቀጥቅጠው፣ ወንበር በይደው አውቶቡስ አደረጉት። ምቾት የለውም፤ ጉልበትሽ ከፊትሽ ካለው ወንበር ጋር ይጋጫል። ነገር ግን ታላላቆቹ አውቶቡሶች ንቀው ያልመጡበትን የወረዳ መንገድ ሁሉ የከፈተው እሱ ነው። ፖርቶ መጋላው ላይ በግ፣ ፍራሽ፣ የተማሪ ሻንጣ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ እዚህና ቱሉ አውሊያ ሲከፈት ተማሪውን ያመላለሰው ማን ሆነና?

መምህሯ፦ እውነትዎን ነው፤ ያስተማርኳቸው ልጆች የሚሠሩት ቅጥቅጥ የሚቀጠቀጥበት ጋራዥ ነው። እሺ፣ አሁን ወደሚያከራክረን ልምጣ። ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። በዓለም እንዲህ ያለ እርምጃ ቀድማ የወሰደችው ኢትዮጵያ ናት። አዲስ አበባ ሄደው ከሆነ አይተውታል፤ ቢዋይዲው፣ የቮልስዋገን አይዲው ሞልቷል።

ሾፌሩ፦ አይቻለሁ፤ ድምፅ የለውም፣ መንገድ ስሻገር ሊደፋኝ ነበር። ይህ የሀብታም መጫወቻ ነው፣ ልጄ። ለደጋ አይሆንም።

መምህሯ፦ አብሽሩ፣ ጋሼ፤ ለደጋ ነው የሚሆነው! በመጀመሪያ ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 አሜሪካ ውስጥ ከነበሩት መኪኖች ከሦስት አንድ የሚበልጠው የኤሌክትሪክ ነበር፤ የቤንዚኑ ከሁለቱም ያነሰ ነበር፣ ከእንፋሎቱም ከኤሌክትሪኩም። የቤንዚን መኪና በማኖቬላ ነበር የሚነሳ፤ ማኖቬላው መልሶ ሲመታ የስንቱን እጅ ሰብሯል። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ሞተር ገጠመ። ያቺ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የቤንዚኑን መኪና አነገሠች፣ የኤሌክትሪኩን ገደለችው።

ሾፌሩ፦ ማኖቬላን አውቃታለሁ፤ አውራ ጣትሽን ከሌሎቹ ጋር አድርገሽ ነው የምትይዢያት፣ አለዚያ ትወስደዋለች። ግን ደጋውን ንገሪኝ።

መምህሯ፦ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይበላም። አሰብ ላይ 100 የነበረው ጉጉፍቱ ላይም 100 ነው። ማርሽ መቀያየር የለም፤ ከቆመበት ሲነሳ ነው ጉልበቱ የሚበዛ። ታኮ ይዞ የሚሮጥ ረዳት አያስፈልገውም። ይህ ከቴዎድሮስ ሠረገላ ጀምሮ አቀበት ላይ የመጣ ነገር ሁሉ ያልነበረው ጠባይ ነው።

ሾፌሩ፦ ቁልቁለቱስ?

መምህሯ፦ እዚያ ላይ ነው ይበልጥ የሚያስደንቀው። ሞተሩ ሲወርድ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጣል። መኪናውን ይይዘዋል፣ የያዘበትን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። እርስዎ በማርሽ ሲይዙት በሙቀትና በጫጫታ የሚባክነው እዚህ ይጠራቀማል። 2 ቶን የምትመዝን መኪና 1000 ሜትር ቁልቁል ስትወርድ 5 ኪሎዋት ሰዓት ከግማሽ የሚጠጋ ጉልበት ትለቃለች። ከዚያ ከግማሽ በላዩ ወደ ባትሪው ይገባል እንበል፤ ታች ከደረሱ በኋላ ሜዳ ላይ 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል።

ሾፌሩ፦ ስወርድ ነዳጅ እየቀዳሁ ነው ማለት ነው?

መምህሯ፦ እንደዚያ ነው። ግን አንድ ነገር አለ። እዚህ መካነ ሰላም ላይ ባትሪውን ጢም አድርገው ሞልተው ዓባይን ቢወርዱ፣ የሚመለሰው ጉልበት የሚገባበት ቦታ የለም። መኪናው መያዙን ይቀንሳል፣ ሥራው ወደ ፍሬኑ ይመለሳል። በብርድ ማለዳም እንዲሁ፤ ባትሪው ሳይሞቅ ብዙ መቀበል አይፈልግም። ስለዚህ ከደጋ የሚወርድ ሰው ከ80 ወይም ከ90 በመቶ በላይ አይሙላ።

ሾፌሩ፦ እንግዲህ አየሽ! ለአዲስ አበባ የተጻፈው መመሪያ 'ሞልተህ ውጣ' ነው የሚል። የእኛ አገር ሾፌር ደግሞ ሌላ ትምህርት ያስፈልገዋል። እሺ፣ አቀበቱን ለቀቅኩልሽ፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሲበላሽ ማን ይፈታዋል?

መምህሯ፦ እዚህ ላይ ነው ድካሜ።

ሾፌሩ፦ ተናገሪያ።

መምህሯ፦ የሚበላሸው ዕቃ ጥቂት ነው። ዘይት መቀየር የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም። ነገር ግን ባትሪው 400 ቮልት ገደማ ይይዛል። ያልሠለጠነ ሰው ከፈታው ሞት ነው፤ ጓንቱ ልዩ፣ መሣሪያው ልዩ፣ ኮምፒውተሩ ልዩ። እኔ ዛሬም በቆመ የናፍጣ ሞተር ላይ ነው የማስተምር። ተማሪዎቼ የኤሌክትሪክ መኪና ኮፈን ተከፍቶ ያዩት በስልክ ቪዲዮ ነው።

ሾፌሩ፦ እኔም የምለው ይኸው ነው። ኤንትሬ ሃምሳ ዓመት የኖረው ፊያት ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ኮምቦልቻና ደሴ ያለው መካኒክ ስለተማረው ነው። ዲኤክስም ያው ነው፤ ጃፓኖቹ እነሱ ዘንድ ከጣሉት በኋላ እኛ ጋ ስንት ዘመን ኖረ! መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ገና ግማሽ ነው። ግማሹን የሚሞላው እዚህ ያለው እጅ ነው። ያ እጅ ካልተማረ ሚሊዮኖች ያወጣ መኪና የዶሮ ቤት ይሆናል።

መምህሯ፦ ነዳጁስ ይሻላል? ቤንዚን በሊትር 100 ብር አለፈ፤ ያውም ከማደያ ሲገኝ ነው። ሲጠፋ በሀይላንድ እየተሸጠ፣ ዋጋው የሻጩ ፈቃድ ነው። መብራቱ ግን የእኛ ነው። ሕዳሴ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ 5150 ሜጋዋት። የሚያመነጨውም ይኸው ከሥራችን የሚያልፈው ዓባይ ነው።

ሾፌሩ፦ መብራቱ የእኛ ነው፤ እዚህ ቤት ግን ስንት ቀን ይጠፋል? አሁን እንኳ ባለ ሻይ ቤቷ ይህን ሻይ ያፈላችው በከሰል ነው።

መምህሯ፦ እሱን አልከራከርዎትም። የጭነት መኪናውም ጉዳይ ገና አልተፈታም። ጤፍና ገብስ የሚጭነው አይሱዙ በባትሪ ይሁን ቢሉ ባትሪው ራሱ ብዙ ኩንታል ይመዝናል፤ የእህሉን ቦታ ይወስዳል። እኔ እንደሚመስለኝ እዚህ አገር በመጀመሪያ የሚያዋጣው ባጃጁና የደሴው ሚኒባስ ነው። ባጃጅ በቀን የሚሄደው አጭር ነው፣ ማታ ቤቱ ይገባል፤ ሌሊት ይሞላል።

ሾፌሩ፦ ሚኒባሱ ከደሴ እዚህ ሙሉውን አቀበት በአንድ ሙሌት ይደርሳል?

መምህሯ፦ ጥሩው ይደርሳል። ሰው ሞልቶ፣ ፖርቶ መጋላው ተጭኖ፣ ብርድ ሲጨመርበት ግን ልብ ይሰቅላል። መሐል ላይ መሙያ ያስፈልጋል። አቀስታ ላይ ቢሆን...

ሾፌሩ፦ ቆይ፣ መሙያውን የት ይትከሉት? አንቺ ራስሽ አሁን ያልሽኝን አስቢው። ከላይ የሞላ ሲወርድ ያባክናል። የሚርበው የሚወጣው ነው። ስለዚህ ከአቀበቱ ግርጌ ነው መትከል፤ በዚህ በኩል ዓባይ ድልድዩ ላይ፣ በዚያ በኩል ጉጉፍቱን ከመጀመሩ በፊት። እኛ ውሃ የምንሞላው የት ነበር? ራዲያተሩ ከፈላ በኋላ ጫፍ ላይ አይደለም፤ አቀበቱ ሥር፣ ምንጩ ጋ ነው። ሾፌር ሁሉ ቦታውን ያውቀዋል። ቢጠይቁን እንነግራቸው ነበር።

መምህሯ፦ ይህን በካርታ ላይ የሚያስቀምጠው መሐንዲስ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ጋሼ። ከተማ እየቆጠረ ነው የሚተክል፤ ደሴ አንድ፣ አቀስታ አንድ፣ መካነ ሰላም አንድ።

ሾፌሩ፦ እንግዲያው ጻፊለት። አንቺ ትጽፊያለሽ፣ እኔ እፈርማለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ነው የምንጠይቀው። አንደኛ፣ መሙያዎቹ ሲተከሉ ከአቀበቱ ሥር ይሁኑ፤ ቦታውን መስመሩን የነዳ ሾፌር ያሳይ። ሁለተኛ፣ ለማሠልጠኛችሁ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ይሰጥ፤ የተጋጨም ይሁን፣ ልጆቹ ፈትተው የሚገጥሙት፣ ከነጓንቱና ከነመሣሪያው። የመጀመሪያው ሚኒባስ ጉጉፍቱ ላይ ከመቆሙ በፊት።